መግመድና መጠምዘዝ

ክረምቱ በገባ በሁለተኛው ሳምንት የመኪናዬ የኋላ መስታወት መጥረጊያ ቆመ። መኪናዋ ቶዮታ ቪትዝ ናት፤ አዲስ አበባ መንገድ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ጠጠር የወረወረ ሰው እሷን ወይም እህቷን ይመታል። ነገሬ ብዬ አልያዝኩትም። በሳምንቱ የታርጋ መብራቱ ጠፋ። ከዚያ አንድ ማታ የኋላውን በር ከፍቼ ዘንቢሌን አስገብቼ ስዘጋው፣ የኋላ መብራቶቹም የዳሽቦርዱም መብራት አብረው ድርግም አሉ።

በማግስቱ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ልጁ የፊዩዝ ሳጥኑን ከፍቶ የተቃጠለ ባለ 10 አምፔር ፊዩዝ አውጥቶ አሳየኝ። አዲስ ከተተ፤ በሩን ከፍቶ ሲዘጋው ተቃጠለ። ሌላ ከተተ፤ ያም ተቃጠለ። በሦስተኛው ባለ 20 አምፔር ሰካበትና «ከዚህ በኋላ አይቃጠልም» ብሎ ሸኘኝ። ቃሉን ጠበቀ፤ ፊዩዙ አልተቃጠለም። በአራተኛው ቀን መኪናዋ ውስጥ የቀለጠ ፕላስቲክ መሽተት ጀመረ።

ፊዩዝ ሽቦው ከመጋሉ በፊት ቀድሞ እንዲበጠስ ሆን ተብሎ ደካማ ተደርጎ የተሠራ ነገር ነው። ባለ 10 አምፔሩን በባለ 20 የተካ ሰው ብልሽቱን አልጠገነም፤ የሚቃጠለውን ዕቃ ነው የለወጠው። ይህን ግን ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ጊዜ የማውቀው ሽታውን ብቻ ነበር።

ተክለሃይማኖት አካባቢ፣ ከመኪና መለዋወጫ ገበያው ከሶማሌ ተራ ብዙም ሳይርቁ የሚሠሩ አንድ አዛውንት ኤሌክትሪሻን ጋ የደረስኩት በሰው ጥቆማ ነው። ቴስተራቸው አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ኪሳቸው ውስጥ አንዲት ካቻቢቴ አለች። ኮፈኑን አልከፈቱም። የፊዩዝ ሳጥኑንም አላዩም። መብራቱን አብሪልኝ አሉና የኋላውን በር እኩሌታ ድረስ አንስተው፣ ከጣሪያው ወደ በሩ የሚሻገረውን እንደ አኮርዲዮን የተሸበሸበ የጎማ ቱቦ በሁለት ጣታቸው ያዙት። ወደ ግራ ጎበጥ ሲያደርጉት መብራቱ ጠፋ። ሲለቁት በራ።

«ልጄ፣ በሽተኛው ይኸውልሽ» አሉኝ።

ጎማውን ከጣሪያው በኩል ሲነቅሉት ውስጡ ያለው ሽቦ ታየ። ከስምንቱ ሦስቱ ሙሉ በሙሉ ተበጥሰዋል። ሁለቱ ልብሳቸውን ጥለው መዳባቸው አፍጥጧል፤ በሩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር የጣሪያውን ብረት ይነካሉ። የቀሩት ደህና ይመስላሉ፤ በጥፍራቸው ሲጫኗቸው ግን ውስጣቸው ባዶ ነው፤ ፕላስቲኩ ሳይቀደድ መዳቡ ቀድሞ ተቆርጧል። ሁሉም የሞቱት በአንድ መስመር ላይ ነው፤ የጎማው ቱቦ ከጣሪያው ብረት ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ፣ ከአንድ ጣት ስፋት በማትበልጥ ቦታ።

«ታዲያ ሾርት ነበር ማለት ነው?» አልኳቸው። ሳቁብኝ። እኛ አገር መብራት ቢጠፋም ሾርት ነው፣ ሞተር ባይነሳም ሾርት ነው፣ ሬዲዮ ቢንሾካሾክም ሾርት ነው። የእኔ መኪና ግን መጀመሪያ የታመመችው በመበጠስ ነው። ሾርቱ የመጣው የተራቆተው ሽቦ ብረት ሲነካ ነው። መበጠሱን ያመጣው ደግሞ ኤሌክትሪክ አይደለም፤ እንቅስቃሴ ነው። የዚህ ጽሑፍ ነገር በሙሉ ከዚህች ዓረፍተ ነገር ይመነጫል።

ፒንሳ ያጣ ሰው ሽቦ መቁረጥ ቢፈልግ ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን። ወዲያና ወዲህ እያጠፈ ይበጥሰዋል። መዳብ ሲታጠፍ ይጠነክራል፤ ሲጠነክር ይደርቃል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የመኪና በር ያንኑ ሥራ ቀስ ብሎ ይሠራዋል። በቀን 10 ጊዜ የሚከፈት በር በዓመት 3,650 ጊዜ፣ በ10 ዓመት 36,500 ጊዜ ሽቦውን ያጥፋል። የታክሲ በር ሲሆን ይህን ቁጥር በጥቂት ወራት ያልፈዋል።

የመኪና ሽቦ እንደ ቤት ግድግዳ ሽቦ አንድ ወፍራም ዘንግ ያልሆነው ለዚህ ነው። 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የሆነ የመኪና ሽቦ ብትገፍፉት 30 ያህል ቀጫጭን የመዳብ ክሮች ታገኛላችሁ፤ የእያንዳንዱ ውፍረት ሩብ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሽቦ ሲታጠፍ የውጭው ገጽ ይለጠጣል፣ የውስጡ ይጨመቃል፤ የመለጠጡ መጠን በሽቦው ውፍረት ልክ ይጨምራል። ተመሳሳይ መዳብ የያዘ አንድ ወፍራም ዘንግ 2 ሴንቲ ሜትር ሬዲየስ ባለው መታጠፊያ ላይ ሲዞር ገጹ ከ3 በመቶ በላይ ይለጠጣል። ሩብ ሚሊ ሜትሩ ክር በዚያው መታጠፊያ ላይ የሚለጠጠው ከ1 በመቶ በታች ነው። ልዩነቱ የጥቂት ቀናትና የብዙ ዓመታት ዕድሜ ልዩነት ነው።

ግን ክሩ ቢቀጥንም መታጠፊያው ከጠበበ ዋጋ የለውም። እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ ታገሡኝ። አንድ የጎን በር 70 ዲግሪ ይከፈታል እንበል። ሽቦው ይህን 70 ዲግሪ በ15 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ላይ ቢካፈለው መታጠፊያው 12 ሴንቲ ሜትር ሬዲየስ ያለው ሰፊ ቅስት ይሆናል። ያው 70 ዲግሪ 2 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢወድቅ ግን ሬዲየሱ 1.6 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። በሩ አልተለወጠም፣ ሽቦውም አልተለወጠም። የተለወጠው እንቅስቃሴውን የሚሸከመው ርዝመት ነው። በሙያው ውስጥ የሚታወቅ ሻካራ መለኪያ አለ፤ የማይነቃነቅ ገመድ ከውፍረቱ 4 ወይም 5 እጥፍ በሆነ ሬዲየስ መታጠፍ ይችላል፣ ዘወትር የሚንቀሳቀስ ግን 10 እጥፍ ይፈልጋል።

እንግዲህ የመኪና መሐንዲስ ሥራ እንቅስቃሴውን ማጥፋት አይደለም፤ በር ሊከፈት የተሠራ ነው። ሥራው ማካፈል ነው። የሽቦ ጥቅሉ በመገጣጠሚያው ግራና ቀኝ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል፣ መሐሉ ነፃ ይለቀቃል። ጥቅሉ ከሶኬት ሲወጣ የመጀመሪያው ማሰሪያ ሶኬቱ ባረፈበት አካል ላይ መሆን አለበት፤ ያኔ የሚንቀሳቀሰው መሐሉ ያለው ነፃ ሽቦ እንጂ የሶኬቱ ጥርስ አይሆንም። ጥርሱ ከተነቃነቀ፣ እንቅስቃሴው ለዓይን እንኳ የማይታይ ቢሆን፣ ብረት ከብረት እየተፋተገ ገጹን ያዝገዋል፤ ከዚያ አንድ ቀን የሚሠራ አንድ ቀን የሚያኮርፍ መኪና ይመጣል። ጋራዥ ሲደርስ ደግሞ ይሠራል። ይህን ያልቀመሰ ባለመኪና የለም።

የነፃው ክፍል ርዝመትም ልክ አለው። አዛውንቱ በፍየል አስረዱኝ፦ አሳጥረሽ ካሰርሻት ትታነቃለች፣ አስረዝመሽ ከለቀቅሻት ቁጥቋጦ ላይ ትጠመጠማለች። ትርፉ የበዛ ሽቦ ማጠፊያው ውስጥ ገብቶ ይቆረጣል ወይም ሹል ብረት ላይ እየታሸ ልብሱን ይጨርሳል።

አሁን ወደ ርእሴ ልግባ። ገመድ የሚለው ስም የመጣው መግመድ ከሚለው ግስ ነው። ቃጫ ሲገመድ ያየ ሰው ነገሩን ያስታውሰዋል፤ ፈታዩ ክሮቹን ለየብቻ ወደ አንድ አቅጣጫ ያከራቸዋል፣ ከዚያ አንድ ላይ አድርጎ በተቃራኒው ይገምዳቸዋል። አንዱ ሊፈታ ሲል ሌላው ይይዘዋል። ስለዚህ ገመዱ ከእጅ ሲለቀቅ ራሱን አይጠመዝዝም፤ ተረጋግቶ ይተኛል። ይህ መግመድ ነው። መጠምዘዝ ሌላ ነገር ነው። መጠምዘዝ ያለቀ ገመድ አንዱን ጫፍ ይዞ በጉልበት ማዞር ነው፤ ገመዱ ያንን ተሸክሞ ይቆያል፣ ልቀቁኝ ይላል፣ ሲለቁት ተጠቅልሎ ቋጠሮ ይሠራል። አማርኛ እነዚህን ሁለት ነገሮች በሁለት ቃል መለየቱ ለሽቦ ባለሙያ ትልቅ ስጦታ ነው ብዬ አምናለሁ።

በሚንቀሳቀስ ቦታ ላይ የሚያልፉ የመኪና ሽቦዎች ጎን ለጎን ቀጥ ብለው ከተደረደሩ፣ ሲታጠፉ በውጭ በኩል ያለው ሁልጊዜ ይወጠራል፣ በውስጥ ያለው ሁልጊዜ ይጨመቃል። ፈታ ባለ ግማድ ከተገመዱ ግን አንዱ ሽቦ እዚህ ጋ በውጭ፣ ትንሽ አለፍ ብሎ በውስጥ ስለሚያልፍ ውጥረቱና ጭመቁ ይጣፋል። ከዚያ በላይ አንዱ በአንዱ ላይ መንሸራተት መቻል አለበት። በጋራዦቻችን ዘወትር የሚፈጸመው ጥፋት ደግሞ ይኸው ነው፤ ጥንቃቄ መስሎን የሚታጠፈውን ክፍል ከዳር እስከ ዳር በናስትሮ ጥፍንግ አድርገን እንጠቀልለዋለን። ያኔ ስምንቱ ሽቦ አንድ ወፍራም ዘንግ ይሆናል፤ የ30ዎቹን ቀጫጭን ክሮች ጥቅም በአንድ ጥቅል ናስትሮ አጠፋነው ማለት ነው። ፋብሪካው የሚታጠፈውን ክፍል በጨርቅ ናስትሮ እዚህም እዚያም ነጠብ ነጠብ አድርጎ ያስረዋል፣ ወይም ምንም ሳያስር ጎማ ቱቦ ውስጥ ይለቀዋል። ናስትሮ አልቆባቸው አይደለም።

(በነገራችን ላይ ናስትሮ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ፍሬቻ፣ ሞተሪኖ፣ ጎሚኒ፣ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። የጋራዣችን መዝገበ ቃላት ከመኪኖቹ ይልቅ ዕድሜ አለው።)

ሽቦ ሲታጠፍ እንደሚጎዳው ሁሉ ሲጠመዘዝም ይጎዳል፤ ግን ሁለቱ እኩል አይደሉም። ዘዴኛ መሐንዲስ አንዱን ጉዳት ወደ ሌላው ይለውጠዋል። የሽቦ ጥቅሉ በማጠፊያው ዘንግ አቅጣጫ ቁመቱን ይዞ እንዲያልፍ ከተደረገ፣ በሩ ሲከፈት ከመታጠፍ ይልቅ ቀስ ብሎ ይዞራል፤ ያ ዙር ረጅም ርዝመት ላይ ከተካፈለ ለእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር የሚደርሰው ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው።

ተቃራኒው ደግሞ መሪው ውስጥ አለ፤ ከሁሉም የሚደንቀኝም እሱ ነው። መሪ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ሦስት ዙር ገደማ ይዞራል። መሐሉ ላይ ክላክስ አለ፣ ኤርባግ አለ፣ የሬዲዮ ቁልፎች አሉ። ሽቦ ቀጥታ ብታስገቡበት በመጀመሪያው ቀን ተጠምዝዞ ይበጠሳል። በድሮ መኪኖች የሚያልፈው የክላክስ ሽቦ ብቻ ስለነበር፣ የመዳብ ቀለበት ላይ የሚንሸራተት ብሩሽ ይበቃ ነበር፤ ክላክስ አንዳንዴ ቢንተፋተፍ ማንም አይሞትም። ኤርባግ ግን በሚፋተግ ብረት ላይ እምነት መጣል አይችልም፤ ሳይቋረጥ የተያያዘ ሽቦ ይፈልጋል። መፍትሔው ባለሙያዎቻችን ስፓይራል ኬብል የሚሉት ክብ ሳጥን ነው። ውስጡ እንደ ካሴት ክር ጠፍጣፋ የሆነ ገመድ፣ እንደ ሰዓት ሞላ ተጠቅልሎ፣ ትርፍ ኖሮት ተቀምጧል። መሪው ወደ አንዱ ሲዞር ጥቅሉ ይጠብቃል፣ ወደ ሌላው ሲዞር ይፈታል። የሦስት ዙር ጥምዘዛ በሙሉ ወደ ለስላሳ መታጠፍ ተለወጠ። ገመዱ ራሱ አንድ ዲግሪ እንኳ አልተጠመዘዘም።

ይህ ብልሃት ዓለም ላይ ትልቁን አምራችም አዋርዷል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2014 ቶዮታ በአምስት የተለያዩ ብልሽቶች ምክንያት 6.39 ሚሊዮን መኪኖችን ለጥገና ጠራ። ከእነዚህ 3.5 ሚሊዮን የሚሆኑት የተጠሩት በስፓይራል ኬብሉ ነው። መሪው በዞረ ቁጥር ኬብሉ ሊጎዳ፣ ከተጎዳም የሹፌሩ ኤርባግ ሊቋረጥ ይችል ነበር። ኮሮላ ነበረበት፣ ራቭ4 ነበረበት፤ የእኛን መንገድ የሞሉት ስሞች ናቸው።

የፋብሪካ ጥፋት ግን ከጋራዥ ጥፋት ያንሳል። ያ ሳጥን መሐል አለው። መሪው ቀጥ ብሎ ሲቆም ገመዱ ግራና ቀኝ እኩል ትርፍ ሊኖረው ይገባል። የመሪ ጥርስ ሊሠራ የመሪው ዘንግ ከታች ሲፈታ፣ መሪው በነፃነት እንደ ጎማ ይሽከረከራል፤ ልጆች ገብተው ቢያዞሩት፣ ሠራተኛው ለመውጣት ደገፍ ብሎ ቢያዞረው፣ አንድ ዙር ወደ ግራ አለፈ ማለት ነው። ከዚያ ተመልሶ ይታሰራል። መሪው ቀጥ ያለ ይመስላል፣ ጎማውም ቀጥ ነው፤ ገመዱ ግን በአንድ በኩል አንድ ዙር ጎድሎታል። መኪናው ከጋራዥ ሲወጣ ምንም አይሆንም። አንድ ባልደረባዬ ላይ የደረሰው በሦስተኛው ሳምንት ነው፤ ጠባብ ቦታ ላይ ለማቆም መሪውን እስከ መጨረሻው ጠመዘዘ፣ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ሰማ፣ ክላክሱ ሞተ፣ የኤርባጉ ቀይ መብራት በራ። ጋራዡ «እኛ መሪ ነው የሠራነው፣ ኤሌክትሪክ አልነካንም» አለው። እውነት ለመናገር እንደዚያ ያሉት ዋሽተው አልመሰለኝም፤ አላወቁም። መከላከያው ደግሞ ምንም ወጪ የለውም፤ ዘንጉ ከመፈታቱ በፊት ጎማዎቹን ቀጥ ማድረግና መሪውን በወንበር ቀበቶው አስሮ ማቆየት ነው።

ሞተሩም ራሱ ይንቀሳቀሳል። በጎማ መቀመጫዎች ላይ ስለተቀመጠ ሲነሳ፣ ሲጠፋ፣ ነዳጅ ሲረገጥ ይወዛወዛል። ለዚህ ነው ሞተሩን ከቦዲው ጋር የሚያገናኘው የመሬት ሽቦ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ጠፍጣፋ መዳብ የሆነው። የሞተር መቀመጫ ጎማ ሲያረጅ ሰው የሚያማርረው በንዝረቱ ነው፤ የሽቦ ጥቅሉ ግን ከታሰበለት በላይ እየተሳበ ነው። የመሬት ሽቦው ከተበጠሰ ደግሞ የሞተሪኖው ኃይለኛ ጅረት ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ በቆዩ መኪኖች ላይ የነዳጅ ወይም የፍሪሲዮን ገመድ ውስጥ አልፎ ገመዱን እስኪያግል ድረስ። የነዳጅ መርገጫው ተጣበቀብኝ ብሎ የመጣ ሰው የመሬት ሽቦ ተቀይሮለት ሲሄድ አስማት ይመስለዋል። ባጃጅ ላይ ነገሩ ቀላል ነው፤ ሽቦው ሁሉ የሚያልፈው በመሪው አንገት ነው፤ መሪ ሲታጠፍ ፍሬቻ የሚጠፋበት ባጃጅ ካያችሁ ብልሽቱን ሌላ ቦታ አትፈልጉ።

ሞጆ ደረቅ ወደብ በር ላይ ቆሜ የከባድ መኪና ረዳቶችን ሳይ ያስተዋልኩት ሌላ ነገር አለ። ከጎታቹ ወደ ተሳቢው የሚሻገረው የመብራት ገመድ እንደ ስልክ ገመድ የተጠቀለለ ነው። 24 ቮልት፣ ባለ 7 ፒን ሶኬት። መኪናው ሲታጠፍ በአንድ በኩል ያለው ርቀት ይረዝማል፣ ሲቃና ያጥራል። ጥቅልል ገመድ ሲሳብ የሚረዝም ይመስላል እንጂ ውስጡ ያለው መዳብ አይረዝምም፤ እያንዳንዱ ቀለበት በጥቂቱ ይዞራል። መወጠር ወደ ጥቃቅን ጥምዘዛ ተለወጠ፣ ያም ጥምዘዛ በበርካታ ሜትር ገመድ ላይ ተካፈለ። ከበሩ ሽቦና ከመሪው ሳጥን ጋር አንድ ሐሳብ ነው፤ መልኩ ብቻ ይለያያል። ይህ ገመድ ከደጋው ብርድ ተነስቶ አፋር ምድር ላይ ከ40 ዲግሪ በላይ ሙቀት ውስጥ ገብቶ ጅቡቲ ይደርሳል፤ ተመልሶ ይመጣል። ፕላስቲኩ በሙቀት ማለስለሻውን እያጣ ይደርቃል፣ በብርድ ደግሞ ይገተራል። አንድ ረዳት የረዘመበትን ጥቅልል በላስቲክ ማሰሪያ ግማሹን ሸብቦ አስሮት አየሁ። እንዳይወርድና መሬት እንዳይነካ አስቦ ነው። ግን የጥቅልሉን ግማሽ ገደለው፤ የሚሠራው የቀረው ግማሽ ነው፣ እሱም ሁለት እጥፍ ይሳባል።

ከጎኑ የነበረው ጓደኛው ደግሞ ረጅም የማራዘሚያ ገመድ በክርኑና በመዳፉ መሐል እየጠቀለለ ነበር። ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንጠቀልለው። እንዲህ በተጠቀለለ ቁጥር ገመዱ ለእያንዳንዱ ቀለበት አንድ ሙሉ ዙር ይጠመዘዛል፤ 15 ቀለበት 15 ጥምዘዛ ነው። ሲዘረጋ የሚቋጠረውና ቀለበት የሚሠራው ለዚህ ነው። የድምፅና የፊልም ባለሙያዎች አንዱን ቀለበት ወደ ፊት፣ ቀጣዩን እጃቸውን ገልብጠው በተቃራኒው ይጠቀልላሉ፤ የአንዱን ጥምዘዛ ሌላው ይፈታዋል። እጅ እስኪለምደው አንድ ከሰዓት ይፈጃል።

ሽቦ አሳጥሮ መሥራት የድሃ ጋራዥ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኤርባስ ኤ380ን ሲገነባ እያንዳንዱ አውሮፕላን 530 ኪሎ ሜትር ገደማ ሽቦ ነበረው። ሃምቡርግና ቱሉዝ ያሉት መሐንዲሶች የአንድ ንድፍ ሶፍትዌር ሁለት የተለያዩ እትሞችን ይጠቀሙ ስለነበር፣ ሽቦው በመታጠፊያዎቹ ላይ የሚወስደው ርዝመት በትክክል አልተሰላም። ጀርመን የተሠራው ጥቅል ፈረንሳይ ላይ ሲዘረጋ አልደርስ አለ። የመጀመሪያው አውሮፕላን ለሲንጋፖር አየር መንገድ የተላለፈው ከቀጠሮው እጅግ ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2007 ነው። መታጠፊያ ርዝመት ይበላል፤ ይህን የረሳ ሁሉ ይከፍላል።

የመኪና የሽቦ ጥቅል ዛሬም በአብዛኛው የሚሠራው በሰው እጅ ነው። ሮቦት በር ይበይዳል፣ ቀለም ይቀባል፤ የሚለሰልስና የሚጥመለመል ሽቦ መያዝ ግን ያስቸግረዋል። ሠራተኞች በሰፊ ሰሌዳ ፊት ቆመው ሽቦውን አንድ በአንድ በመስመሩ እያሳለፉ ያስራሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር፣ ምዕራብ ዩክሬን ውስጥ እነዚህን ጥቅሎች የሚሠሩት ፋብሪካዎች ሥራ አቋረጡ፤ ፎልክስቫገንና ቢኤምደብሊው ጀርመን ውስጥ መስመሮቻቸውን ለማቆም ተገደዱ። ሞተሩም ቦዲውም ተዘጋጅቶ ሽቦ ብቻ ሲጠበቅ። ቴስላ በሞዴል ኤስ ውስጥ 3 ኪሎ ሜትር የነበረውን ሽቦ በሞዴል 3 ወደ 1.5 ኪሎ ሜትር ያወረደው ይህን የእጅ ሥራ ለመቀነስ ሲል ጭምር ነው።

እኛም ወደ ኤሌክትሪክ መኪና እየሄድን ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ መንገዱ ላይ የቻይና ስሞች በዝተዋል። በእነዚህ መኪኖች ሆድ ውስጥ የሚያልፉት ብርቱካናማ ገመዶች መቶዎች ቮልት የሚሸከሙ ናቸው። በናስትሮ ሥራ ያረጀ ሰው እንኳ እጁን እንዳያስገባባቸው እለምናለሁ።

አዛውንቱ የእኔን መኪና ለመሥራት ከሰዓቱን በሙሉ ፈጀባቸው። መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ጣሪያውን ፈተው ከሁለቱም በኩል እጅ የሚያህል ርዝመት መቁረጥ ነው። የተበጠሰበት ቦታ ላይ መቀጠል ለምን እንዳልመረጡ ጠየቅኳቸው። እዚያው ላይ የተቀጠለ እዚያው ላይ ይሞታል አሉ። በሶልደር መበየድንም አልፈለጉም። ሶልደር ሲቀልጥ በክሮቹ መሐል ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ የሰረገበት ክፍል ዘንግ ይሆናል፤ ዘንጉ በሚያበቃበት ጠርዝ ላይ ሽቦው ይሰበራል። የማይታጠፍ ቦታ ላይ ግድ የለም፤ እዚህ ግን አይሆንም። ከመጀመሪያው ረዘም ያለ፣ ክሩ የቀጠነ ለስላሳ ሽቦ ገዝቼ እንድመጣ ሶማሌ ተራ ላኩኝ። መጋጠሚያዎቹን ጣሪያው ውስጥና በሩ ውስጥ፣ ምንም በማይንቀሳቀስበት ቦታ፣ በመጭመቂያ ቱቦ አያያዟቸው፤ ሁሉም ጎን ለጎን ተሰልፈው አንድ ቦታ እንዳያብጡ አንዱን ወደ ፊት፣ አንዱን ወደ ኋላ እያደረጉ።

ከመሐል ሁለት ሽቦዎች እርስ በርሳቸው የተገመዱባቸው መኪኖች እንዳሉም ነገሩኝ። በኮምፒውተሮቹ መሐል መልእክት የሚያመላልሱ ሽቦዎች ናቸው፤ ቦሽ እ.ኤ.አ. በ1986 ያስተዋወቀው ካን የሚባለው ዘዴ። እነዚያ የሚገመዱት ከውጭ የሚመጣ ረብሻ ሁለቱን እኩል እንዲነካና እንዲጣፋ ነው፤ ሲቀጠሉ ግማዳቸውን ሳያጡ መቀጠል አለባቸው። የእኔዋ በር ላይ እንዲህ ያለ አልነበረም። እኔ ግን ቃሉን ከአፋቸው ስሰማ ደስ አለኝ፤ መግመድ ነው ያሉት።

በመጨረሻ ሽቦዎቹን ፈታ አድርገው ገምደው በጎማው ቱቦ ውስጥ አሳለፏቸው፤ ቱቦው ከሁለቱም ጫፍ ቦታው ጥልቅ ብሎ እስኪገባ በካቻቢቴያቸው ጫፍ ዙሪያውን ተጫኑት። በሩን 20 ጊዜ ከፍተው ዘጉ። ሲከፍቱና ሲዘጉ ዓይናቸው መብራቱ ላይ አልነበረም፤ ጎማው ላይ ነበር። በአንድ ቦታ እንዳይሰበር፣ ከዳር እስከ ዳር እኩል እንዲጎብጥ።

ከዚያ የፊዩዝ ሳጥኑን ከፍተው ባለ 20 አምፔሩን ነቅለው እጄ ላይ አኖሩት፤ ባለ 10ሩን ሰኩ። ክረምቱ አልፎ መስቀል ደርሷል። ፊዩዙ ያው ነው።